ሁለት ሌሊት በስሜን፣ አንድ ጫፍ በቧሂት

ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚዘልቀው የጠጠር መንገድ፣ ድንኳን ተክሎ ለማደርና የተራራ ጫፍ ለመውጣት የሚሻን መንገደኛ በአንድ ቀን ከ3,000 ሜትር በላይ ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ የተደነገገውና በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ የሆነው ይህ ፓርክ ብዙውን ጊዜ የሚጎበኘው በበርካታ ቀናት ጉዞ ቢሆንም፣ ቅዳሜና እሑድን ብቻ ያገኘ ሰውም አዳሩን በጥንቃቄ ከመረጠ፣ ከፍታው ከ4,400 ሜትር የሚበልጠውን ቧሂትን ወጥቶ ሊመለስ ይችላል።

ይህ የሚቻለው በተራሮቹ አፈጣጠር ምክንያት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት ንብብር በንብብር እየተጋገረ ሰፊና ዝርግ እሳተ ገሞራ ከሠራ በኋላ፣ ዝናብና ወንዝ ዳር ዳሩን እየሸረሸሩ ገደል አበጁለት፤ ስለዚህ ከስሜን ጫፎች ብዙዎቹ ከሜዳ ተነሥተው ብቻቸውን የቆሙ ሾጣጣዎች ሳይሆኑ ከተሸረሸረው አምባ የተረፉ ጠርዞች ናቸው። 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው እሜት ጎጎ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከግጭ ሰፈር ተነሥቶ ጓሳ በለበሰው ሜዳ ላይ ያለ ብዙ ድካም ሲራመድ የቆየ ሰው፣ መሬቱ በድንገት አልቆበት በሦስት በኩል ገደል ይከበዋል። በፓርኩ ሰሜናዊ ጠርዝ ገደሉ እስከ 1,500 ሜትር የሚወርድበት ስፍራ አለ።

እንግዲህ መንገደኛውን የሚፈትነው ዳገቱ ሳይሆን አየሩ ነው። በቧሂት ጫፍ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በየትንፋሹ የሚገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል፤ ሰውነቱ ሳይለምድ ቸኩሎ የወጣ ሰውም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይይዘዋል፤ ሕመሙ ሲበረታም ፍቱን መድኃኒቱ ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው። በዚህ ምክንያት ዓርብ ማታን 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በደባርቅ፣ ቅዳሜ ማታን 3,250 ሜትር ላይ ባለው በሳንቃበር ማደር፣ በአንድ ጊዜ 3,620 ሜትር ላይ ወዳለው ጨነቅ ወጥቶ ከማደር ይመረጣል፤ ጥቂት የመኪና መንገድ ይጨምራል እንጂ የእሑዱን ኃይል ይቆጥባል።

አስጎብኚ የሚያዘው፣ የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመውና ስካውት የሚባለው ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ የሚመደበው ደባርቅ ላይ ነው። በሳንቃበር ድንኳን ከተተከለ በኋላ የሚቀረው ዋና ሥራ ብርድን መከላከል ሲሆን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ ቀኑ ብራ፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለሚሆን፣ ጋቢ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ምግቡም የራሱ ጣጣ አለው፤ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ ምስርና ባቄላ ምድጃ ላይ ቢንተከተኩም ቶሎ አይበስሉም። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ የሚዘጋጀው፣ እሳት ሳያስፈልገው በውሃ የሚበጠበጠው በሶ ለዚህ ስፍራ የታሰበ ይመስላል።

እሑድ ንጋት ላይ በመኪና ጨነቅ ተደርሶ የሚጀመረው የእግር መንገድ 800 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ከታች ሣር እየነጩ የሚውሉት፣ ሌሊቱንም ገደል ላይ የሚያሳልፉት ጭላዳዎች ይታያሉ፤ በዐለቱ ተዳፋት ላይ ደግሞ፣ ዕድል ከቀና፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ዋልያ አይጠፋም። ከፍ ሲባል አስታ እያነሰ ጅብራ ይበዛል፤ ይህ ተክል ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ከቆየ በኋላ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አንድ የአበባ ዘንግ ያወጣና፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። የመጨረሻው ክፍል ድንጋያማ ነው፤ ገመድና ልዩ መሣሪያ ባያሻም፣ በየጥቂት እርምጃው ቆሞ መተንፈስን ይጠይቃል።

በሁለት ሌሊት አንድ ጫፍ ብቻ መውጣት ለአንዳንዱ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ጫፍ መቁጠር ራሱን የቻለ ልማድ የሆነበት አገር ስኮትላንድ ነው። ሂዩ መንሮ እ.ኤ.አ. በ1891 ከ3,000 ጫማ፣ ማለትም ከ914 ሜትር በላይ የሆኑትን የአገሩን ጫፎች ዘርዝሮ ካሳተመ ወዲህ፣ ዛሬ 282 የደረሱትን እነዚህን ጫፎች አንድ በአንድ ወጥቶ መጨረስ የብዙዎች የዕድሜ ልክ ሥራ ሆኗል። በዚያ መስፈሪያ ከተሄደ ደባርቅ ገበያ የዋለ ሁሉ ተራራ ወጪ ሊባል ነው፤ ስለዚህ ለስሜን ሌላ መስፈሪያ ያሻል፤ ቁጥሩም ብዙ ላይሆን ይችላል።

ከቧሂት ጫፍ ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ የአገሪቱ ከፍተኛው ተራራ ራስ ደጀን እጅግ የቀረበ ይመስላል። ይሁን እንጂ በመካከሉ የመሸሃ ወንዝ ሸለቆ ስላለ፣ ወደዚያ የሚያቀና መንገደኛ የወጣውን ከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣት፣ በመንገዱም አምቢቆ ላይ ማደር ይኖርበታል፤ ሰኞ ሥራ የሚገባ ሰው ግን ከቧሂት ወደ ጨነቅ ይመለሳል።