በመቀስ የሚወጣ የተክል ጥላ

የተክልን መልክ እንደ ጥላ አድርጎ ከወረቀት በመቀስ ማውጣት የሕፃናት ጨዋታ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ዓይንን ማስተዋል የሚያስተምር ጥበብ መሆኑን እኛ የተረዳነው በፎንቆ ከአንዲት ትንሽ ተማሪ ነው።

አንድ ቀን የእንሰትን መልክ ከነጭ ወረቀት ቆርጠን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለጥፈን «ይህ ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። ልጅቱም ተነሥታ «የኔታ፣ ሙዝ ነው» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም አፈርን። እርሷ ግን በእናቷ ጓሮ ያየችውን አስረዳችን፤ የእንሰት ግንድ ከሥሩ ይሰፋል፣ ቅጠሉም በአጭርና በወፍራም አንገት ሽቅብ ይቆማል፤ የሙዝ ቅጠል ግን አንገቱ ረዘም ብሎ ወደ ውጭ ይዘረጋል። ቆጮውን ዕለት ዕለት እየበላን ተክሉን ሳናስተውለው ኖረናል።

በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀው ጀርመናዊው ሠዓሊ ፊሊፕ ኦቶ ሩንገ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1777 ተወልዶ በ1810 በ33 ዓመቱ ያረፈ ሰው ነው። መቀስ መያዝን በልጅነቱ ከእናቱ ተማረ፤ አድጎም አስቀድሞ ሳይነድፍ አበባውንና ቅጠሉን ከነጭ ወረቀት ይቆርጥ ነበር። የእኛም አባቶች በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚስሉትን ጌጥ «ሐረግ» ብለው የሰየሙት ከተክል ወስደው ነው።

ሙያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ጫፉ ያልሾለ መቀስ፣ ወረቀትና የዱቄት ሙጫ ይበቃል። ተክሉን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ከመቀሱ ይልቅ ወረቀቱን እያዞሩ ከግንዱ መጀመር ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ የቡናው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ የኮሶው ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ጥላ ቀለም ስለሌለው ስሕተትን የሚሸሽግበት የለውም። ደግሞም ቅጠሉ ከግንዱ የሚያያዝበት ስፍራ ከተቆረጠ ቅጠሉ ይወድቃል። ጌታችን ስለ ወይን ግንድና ስለ ቅርንጫፎቹ ያስተማረውን ለልጆች ለመግለጥ ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አላገኘንም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በክረምት ልጆች ከቤት በሚውሉበት ጊዜ መቀሱን ስጧቸው፤ እናንተም ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ያቺ ተማሪ በማግሥቱ ራሷ ቆርጣ ያመጣችልንን እንሰት እኛ እስከ ዛሬ በዳዊታችን ውስጥ አስቀምጠነዋል።