እግዚአብሔርን ያየ ሰው አለን?

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 33 ቁጥር 11 እግዚአብሔር ሙሴን ፊት ለፊት እንዳነጋገረው ተጽፏል፤ በቁጥር 20 ግን ፊቱን አይቶ በሕይወት የሚኖር ሰው እንደሌለ ይነግረዋል። ቃሉ ይጋጫልን? አይጋጭም።

«ፊት ለፊት» መባሉ እንደ ባልንጀራ ያቀረበው መሆኑን ሲያስረዳ ነው። ሙሴ ባሕርዩን አይቶ ቢሆን ኖሮ፣ በቁጥር 18 ክብሩን ያሳየው ዘንድ ባልለመነ ነበር። አበውና ነቢያት ያዩት እርሱ በወደደው አምሳል፣ እነርሱም በሚችሉት መጠን ነው።

የማይታየው አምላክ ግን ከእመቤታችን ሥጋን ነሥቶ ታየ። ሙሴም በሲና የለመነውን ክብር በደብረ ታቦር፣ ሰው በሆነው በወልድ ፊት አየ (ማቴ. 17፥2-3)።

እንግዲህ ምእመናን፣ ወደ ቅዱስ ሥጋውና ክቡር ደሙ ስንቀርብ ሙሴ ወደ ናፈቀው ጌታ መቅረባችን ነውና በንስሓ እንዘጋጅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።