የአሥር በግ ናሙና በአንድ ምርመራ፦ መቼ ያዋጣል?

ለካምፓላ ከተማ የሚቀርበው ወተት በብዛት የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ፣ ከምባራራና አካባቢው ነው። ቡኮቶ ሰፈር ሱቅ እስኪደርስ ድረስ የብዙ አርቢዎች ላሞች ወተት በማሰባሰቢያ ታንክ ተቀላቅሏል። ይህ ቅልቅል ለላብራቶሪ ሠራተኛ ጠቃሚ ነው፤ ከታንኩ የተቀዳ አንድ ናሙና ስለ ብዙ ላሞች ይናገራልና። የላሞች የውርጃ በሽታ (ብሩሴሎሲስ) የወተት ምርመራም በዚሁ መንገድ ይሠራል፦ ክሬሙ ላይ ሰማያዊ ቀለበት ከታየ ወደየመንጋው ወርዶ ማጣራት ይከተላል።

ዘዴው የጥምር ናሙና ምርመራ ይባላል። በ1943 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዶርፍማን የተባለ አሜሪካዊ የወታደር ምልምሎችን ደም ለቂጥኝ ለመመርመር ሒሳቡን አወጣው።

ስሌቱን በ1,000 በጎች እንየው። በአሥር በአሥር ሲመደቡ 100 ጥምር ናሙናዎች ይሆናሉ። ከመቶ በግ አንዱ ብቻ ከታመመና ሕመምተኞቹ ተበታትነው ከሆነ፣ በሽታ የሚያሳዩት ምድቦች 10 ያህል ናቸው። የእነዚህን በጎች ብቻ አንድ በአንድ ስንመረምር ጠቅላላው 200 ገደማ ምርመራ ይሆናል። ከመቶው 30 ከታመሙ ግን 97 ያህል ምድቦች በሽታ ስለሚያሳዩ ድምሩ ወደ 1,070 ያልፋል፤ ከመጀመሪያው ሁሉንም ለየብቻ መመርመር ይረክሳል።

ሩዋንዳ በኮቪድ-19 ወቅት ዘዴውን አሻሽላ ሠርታበታለች። የሒሳብ ሊቁ ዊልፍሬድ ንዲፎንና ባልደረቦቹ እያንዳንዱን ናሙና በተለያዩ ምድቦች ውስጥ ያስገባሉ፤ ቫይረስ ያሳዩት ምድቦች የሚጋሩት ናሙና የሕመምተኛው ነው።

ለላኪው ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ሲገባ፣ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ የቁም እንስሳ አገደች። ጤነኛ መንጋ የያዘውም ነጋዴ አብሮ ተጎዳ። ስለዚህ ቁጠባው በሽታ የሚያሳልፍ መሆን የለበትም።

ናሙና ከማዋሃድዎ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦

አንደኛ፣ በሽታው በአካባቢው ብርቅ ነው ወይስ የተስፋፋ? የእንስሳት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ላብራቶሪው ለዚያ በሽታ ስንት ናሙና ማዋሃድ እንደሚቻል ፈትሾ ያውቃል? የአንዱ ሕመምተኛ ናሙና ከብዙ ጤነኛ ጋር ሲቀላቀል ይቀጥናል፤ ምርመራውም ሊስተው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ምድቡ በየባለቤቱ ነው? በሽታ መንጋን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ የአንድ መንጋን ናሙናዎች አብሮ መመደብ ምርመራ ይቀንሳል፤ ምንጩንም ያሳያል። ከእያንዳንዱ እንስሳ የተረፈው ናሙና ከጆሮ ቁጥሩ ጋር ይቀመጥ። አለበለዚያ ምድቡ በሽታ ሲያሳይ እንደገና ደም መቅዳትና በኳራንቲን ተጨማሪ ቀን መቀለብ ይመጣል።