አቋማሪዎችና ሕግ አውጪዎች በአውሮፓ

የአውሮፓ ኅብረት ለሕፃናት መጫወቻ የጋራ ደንብ አለው፤ ለቁማር ግን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የአገልግሎቶች መመሪያ ሲጸድቅ ቁማር ሆን ተብሎ እንዳይካተት ተደረገ። የኦንላይን ውርርድ ድንበር አያውቅም፤ ሕጉ ግን አሁንም የየአገሩ ነው። ከ20 ዓመት በላይ የዘለቀው ሙግት ሥሩ እዚህ ነው።

አቋማሪ ድርጅቶቹ መጀመሪያ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፦ በአንድ አባል አገር ፈቃድ ያገኘ በሁሉም ይሥራ። ማልታ በ2004 ኅብረቱን ስትቀላቀል የኦንላይን ቁማር ደንብ አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው፤ ብዙዎቹም እዚያ ከተሙ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2003 በጋምቤሊ መዝገብ ተስፋ ሰጥቷቸው ነበር፦ ግምጃ ቤቱን ለመሙላት ዜጎቹን ቁማር ተጫወቱ እያለ የሚቀሰቅስ መንግሥት፣ ሕዝቤን ከቁማር ልጠብቅ ብሎ ሌላውን መከልከል አይችልም። በ2009 ግን አቋማሪው ድርጅት ቢዊን በፖርቱጋል በተከራከረበት መዝገብ፣ የሌላ አገር ፈቃድ ብቻውን በቂ ዋስትና እንዳልሆነ ፈረደ። በ2017 ደግሞ የአውሮፓ ኮሚሽን በአገሮቹ ላይ የከፈታቸውን የቁማር መዝገቦች ዘጋ። የአንድ ፈቃድ ነገር በዚሁ አከተመ ማለት ይቻላል።

ዛሬ የድርጅቶቹ ተሟጋቾች የሚሉት ሌላ ነው፦ ደንቡ ከጠበቀና ግብሩ ከከበደ ተጫዋቹ ፈቃድ ወደሌላቸው ድረ ገጾች ይሸሻል። ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም። ግን ኔዘርላንድስን እንይ። በ2021 ገበያውን ከፈተች፤ ማስታወቂያው ሕዝቡን ሲያማርር በ2023 ከቴሌቪዥንና ከአደባባይ አገደችው። በጥቅምት 2024 በወር ከ700 ዩሮ በላይ ወደ ቁማር ሒሳቡ ማስገባት የሚፈልግ ሰው አቅሙ እንዲጣራ ደነገገች፤ ለወጣት ተጫዋቾች ጣሪያው 300 ነው። በጥር 2025 ግብሩን ከ30.5 ወደ 34.2 በመቶ አሳደገች። የድርጅቶቹ ገቢ አሽቆለቆለ፤ መንግሥትም ያሰበውን ያህል አልሰበሰበም። ድርጅቶቹ ትንቢታችን ደረሰ አሉ።

እኔ እንዲህ በቀላሉ አልቀበላቸውም። ግብሩና የገንዘብ ጣሪያው የመጡት በሦስት ወር ልዩነት ነው። ጣሪያው የተበጀው ደግሞ ሰው ብዙ እንዳይከስር ነው፤ ስለዚህ ከጎደለው ገቢ ስንቱ ወደ ጥቁር ገበያ እንደሄደ፣ ስንቱ በተጫዋቹ ኪስ እንደቀረ መለየት ያሻል። ጥቁር ገበያ ደረሰኝ አይቆርጥም፤ መጠኑ የሚታወቀው በግምት ነው፤ ግምቱን የሚያሠራውም ብዙ ጊዜ ከውጤቱ የሚጠቀም ወገን ነው።

ዘርፉም በአንድ ድምፅ አይናገርም። ፈረንሳይ በ2010 ውርርድንና ፖከርን ኦንላይን ስትፈቅድ ካዚኖን ተወች። በ2024 መገባደጃ መንግሥት እሱንም ሊፈቅድ ሲያስብ አጥብቀው የተቃወሙት የየከተማው ካዚኖ ባለቤቶች ነበሩ፤ ሐሳቡም ቀረ።

አሁን ትኩሱ ጉዳይ ኦስትሪያና ጀርመን ነው። የእነዚህ አገሮች ፍርድ ቤቶች ያለ አገሩ ፈቃድ የሠሩ ድርጅቶች ለከሰሩ ተጫዋቾች ገንዘባቸውን እንዲመልሱ መፍረድ ጀመሩ። ማልታ በ2023 ሕጓን አሻሽላ ፍርዶቹ በግዛቷ እንዳይፈጸሙ አገደች፤ ኮሚሽኑም በ2025 በዚህ ሳቢያ በማልታ ላይ የሕግ ጥሰት ሂደት ጀምሯል።