በምድጃና በካቢኔት መካከል ስለሚቀረው ክፍተት

የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሰማው አቤቱታ ምድጃው አልበራም ወይም ማቀዝቀዣው አልቀዘቀዘም የሚል ብቻ አይደለም። ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ከተዘጋጀለት ቦታ አልገባም፣ ወይም ገብቶ በግራና በቀኙ የማያምር ክፍተት ተረፈ የሚለውም ቅሬታ ብዙ ነው። ይህ የአናጢው እንጂ የሻጩ ጉዳይ አይደለም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ዕቃው በጭነት መኪና ተመልሶ ሲመጣ የማመላለሻውን ዋጋ የከፈለ ነጋዴ እንዲህ ብሎ አይናገርም።

በአዲስ አበባ አንድ የቤት ዕቃ ሻጭ ያጋጠመውን መመልከት ይበቃል። አንዲት ወይዘሮ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ አራት ዐይን የጋዝ ምድጃ ገዙ። አናጢውም የምድጃው ልክ ተነግሮት ስለ ነበር በሁለቱ ካቢኔቶች መካከል ልክ 60 ሳንቲ ሜትር ተወ። ኋላ የመጣው የግራናይት ሠራተኛ ግን እንደ ልማዱ ድንጋዩን ከካቢኔቱ ጫፍ በየወገኑ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር አሳልፎ አስቀመጠው። በዚህም ምክንያት ከታች 60 የነበረው ቦታ ከላይ 58 ሆኖ ተገኘ። ምድጃው ቅዳሜ ማታ ቢደርስም በረንዳ ላይ አደረ፤ የእሑድ እንግዶችም ምግባቸው በከሰል ተሠራላቸው።

ሰኞ ጧት ሁሉም ከሱቁ ተሰበሰቡ። አናጢው በግራናይት ሠራተኛው፣ የግራናይት ሠራተኛው በአናጢው አመካኘ። ነጋዴው «እትዬ፣ ምድጃው ከተጻፈበት ልክ አላለፈም» ቢላቸው፣ ወይዘሮዋ «የኔ ልጅ፣ ስንት ቦታ ይተው ብዬ ጠይቄህ ስልሳ ይበቃል ያልኸኝ አንተ ነህ» ሲሉ መለሱለት። ነጋዴው ይህን ሊክድ አልቻለም።

ስሕተቱ የተፈጠረው 60 የሚለው ቁጥር ለዕቃውም ለቦታውም ስለሚነገር ነው። በአውሮፓ ካቢኔቱና የወጥ ቤቱ መሣሪያ እርስ በርሱ በልክ እንዲገጥም ማድረግ የቆየ ሐሳብ ነው። ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባሉት ኦስትሪያዊት አርክቴክት በ1926 እ.ኤ.አ. ለፍራንክፈርት ከተማ መኖሪያ ቤቶች የነደፉት ወጥ ቤት ወርዱ ሁለት ሜትር የማይሞላ ሲሆን፣ ምድጃው፣ ማጠቢያውና ቁም ሳጥኑ ሁሉ ቦታው ተወስኖለት ነበር፤ በዚያም ዐይነት 10,000 ያህል ወጥ ቤቶች ተሠርተዋል። ዛሬ በአውሮፓ የተለመደው የካቢኔትና የመሣሪያ ልክ 60 ሳንቲ ሜትር ይባል እንጂ፣ በካቢኔት ውስጥ የሚሰካው መጋገሪያ ብዙውን ጊዜ 59.5፣ የዕቃ ማጠቢያው ማሽን 59.8 ያህል ሆኖ ይሠራል። ማለትም 60 የቦታው ስም ነው። በእግሩ የሚቆመው ምድጃ ግን አንዳንዱ ሙሉ 60 ሆኖ ስለሚመጣ፣ 61 ካልተተወለት አይገባም።

የአሜሪካ ዕቃ ደግሞ በኢንች ይለካል። የተለመደው ምድጃ 30 ኢንች፣ ማለትም 76.2 ሳንቲ ሜትር ነው። ጓዛቸውን ይዘው ከዚያ አገር የሚመለሱ ወገኖች ይህን ምድጃ ለ60 በተተወ ቦታ ለማግባት ሲሞክሩ ካቢኔት እስከ ማፍረስ ይደርሳሉ። (ማቀዝቀዣቸው በ120 ቮልት የሚሠራ መሆኑ ሌላ ራስ ምታት ነው።)

ክፍተት ሁሉ ግን ጉድለት አይደለም። በማቀዝቀዣ ዙሪያ ያለው ክፍተት ሊደፈን የማይገባው ነው። ማቀዝቀዣ ከውስጥ የሚያወጣውን ሙቀት ወደ ውጭ ካላስተነፈሰ ሥራውን መሥራት አይችልም። ቀድሞ የሙቀት ማስወጫው ቀጭን ቧንቧ በጀርባው ላይ ይታይ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙዎቹ በጎንና ጎን ግድግዳቸው ውስጥ ተደብቋል። ባለቤቱ ለጌጥ ብሎ በሁለቱም ወገን ኤምዲኤፍ ሲያስጠጋበት ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ የመብራቱ ሒሳብ ይጨምራል፣ የዕቃውም ዕድሜ ያጥራል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሙቀትን የመውሰድ ኀይሉ ከባሕር ጠረፍ አገር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በመመሪያው መጽሐፍ የተጻፈውን ክፍተት ከዚያ ማሳነስ አይገባም። ማቀዝቀዣው ከግድግዳ ጥግ የሚቆም ከሆነም በሩ ከ90 ዲግሪ አልፎ እንዲከፈት ቦታ ያስፈልገዋል። አለዚያ የአትክልቱ መሳቢያ አይወጣም።

በምድጃና በጠረጴዛው መካከል የሚቀረው ቀጭን ክፍተት ግን መሸፈን አለበት። ዘይቱና ወጡ በዚያ ይወርዳል፣ በረሮም በዚያ ይራባል። መሸፈኛው የቲ ቅርጽ ያለው የብረት ወይም እሳት የሚችል የሲሊኮን ቅናሽ ነው። እንጨት ወይም ፎም ከእሳቱ አጠገብ ማስገባት ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ምድጃውን በሲሚንቶ ማጣበቅም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ ከኋላ ያለው የጋዝ ቱቦ አርጅቶ እንደ ሆነ ማን ስቦ ያየዋል? ከካቢኔትና ከግድግዳ መካከል ለሚቀረው፣ ግድግዳው ከቱንቢ ወጥቶ ከላይ ሁለት፣ ከታች አራት ሳንቲ ሜትር ለሚሆነው ክፍተት፣ በግድግዳው ልክ የተላገ መሙያ ጣውላ ይበቃል። ጣውላው ከካቢኔቱ ጋር አብሮ ይታዘዝ፤ በኋላ የሚገዛው ቀለሙ አይመሳሰልም። ከወለሉ በላይ ያለው በዞኮሎ ይዘጋል።

ከውጭ በሚመጣ የወጥ ቤት ንድፍ ሁሉ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ የእንጀራ ምጣድ። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ሸክላው ብቻውን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው፣ በ60 ጠረጴዛ ላይ ከነማቀፊያው ሲቀመጥ ወደ ፊት ይወጣል። ካቢኔት ሠሪ ሁሉ ይህን አስቀድሞ ቢጠይቅ ደንበኛው አይቀየመውም።

አስመጪዎች የብረት ቅናሹን፣ መሙያውንና ዞኮሎውን ከምድጃው ጋር እምብዛም አያዝዙም። ክብደታቸው ቀላል ነው፤ በኮንቴይነር ጥግ ቢገቡ ቦታ አይሻሙም፣ ምድጃውን ለገዛ ሰውም ወዲያው ይሸጣሉ።

የወይዘሮዋ ጉዳይ በሽማግሌ አለቀ። ምድጃውን በባለ 50 ይለውጡ ቢባሉ በጠረጴዛው ላይ ስምንት ሳንቲ ሜትር ባዶ ስለሚቀር እምቢ አሉ። ግራናይቱ በየወገኑ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር፣ ካቢኔቱም በየወገኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ቦታው 61 ሆነ፤ የመቁረጫውን ዋጋ ነጋዴው፣ አናጢውና የግራናይት ሠራተኛው ለሦስት ተካፈሉት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሱቅ በእያንዳንዱ ምድጃ ላይ አንድ ካርቶን ተንጠልጥሎ ይታያል፤ በላዩም የዕቃው ስፋት፣ ሊተውለት የሚገባው ቦታ፣ እንዲሁም «ከድንጋዩ በላይ ይለካ» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ለወይዘሮዋ ምድጃ የሚሆነውን የብረት ቅናሽ ግን ነጋዴው በሱቁ ስላልነበረው ከሌላ ሱቅ ገዝቶ ሰጣቸው።