ክንዳችን ላይ ያለው ጠባሳ


እንጦጦ የሚገኘው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የታወቀው በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ነው። ይህን በሽታ ለመከላከል በሕፃንነታችን ክንዳችን ላይ የምንወጋው ቢሲጂ ክትባት የሽንት ፊኛ ካንሰርንም ያክማል። ካናዳ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም አልቫሮ ሞራሌስ ውጤቱን ያሳተመው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው።

ዕጢው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ መድኃኒቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይገባል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት። የሰውነት መከላከያ ይነቃና የቀሩትን የካንሰር ሴሎች ያጠቃል። የሚሠራው ግን ካንሰሩ ወደ ፊኛው ጡንቻ ሳይዘልቅ ነው።

ስለዚህ አባቶቻችን ሽንታቸው ላይ ደም ካዩ፣ ሕመም ባይኖረውም፣ በሐፍረት አይደብቁት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል። ለዒድ ቤት ስንገባ እንንገራቸው።