ትል የማይገኝበት ቁርጠት

አይቢኤስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአንጀት ሕመም ሁለት ነገር ያጣመረ ነው፤ እየተመላለሰ የሚመጣ የሆድ ቁርጠትና የሰገራ ጠባይ መለወጥ። ሙሉ ስሙ ኢሪተብል ባወል ሲንድረም ነው። አንዳንዶች በአማርኛ «የአንጀት መቆጣት» ይሉታል። ቃሉ ግን ብግነትንም ለማመልከት ስለሚውል ያሳስታል። በአይቢኤስ አንጀቱ አልቆሰለም፣ አላበጠም፣ አይደማም። በካሜራ ቢታይ ጤነኛ ነው፤ የታወከው አሠራሩ ነው።

ሐኪሞች የሚመሩበትና በ2016 እ.ኤ.አ. የታደሰው የሮም መስፈርት፣ ቁርጠቱ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን የሚመላለስ፣ ከጀመረም 6 ወር ያለፈው እንዲሆን ይጠይቃል። ከዚህ ጋር ቁርጠቱ ሽንት ቤት ከመቀመጥ ጋር የተያያዘ መሆኑ፣ ሰገራው የሚወጣበት ድግግሞሽ መለወጡና መልኩ መለወጡ ይታያል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኙ ይበቃል። አንዱ ታማሚ ቁርሱን ሳይጨርስ ሽንት ቤት ይሮጣል። ሌላው ሦስት አራት ቀን ይቆይና እንደ በግ በጠጥ የደረቀ ነገር ያወጣል። ሁለቱ የሚፈራረቁበትም አለ። ብዙዎች ከተነሡ በኋላ እንኳ ያልወጣ ነገር የቀረ ይመስላቸዋል። ከሁሉ የሚያማርረው ግን መነፋቱ ነው፤ ጠዋት እንደ ልብ የታጠቁት መቀነት ማታ ሆድ ላይ ይጠብቃል።

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ይህን ሕመም መለየት የሚከብደው፣ የሚመስሉት በሽታዎች በእርግጥ ስላሉ ነው። ጃርዲያ፣ አሜባና ወስፋት አሉ፤ ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው የኮሶ ትልም አለ። ደጋው ላይ የሚበቅለው የኮሶ ዛፍ አበባው ተወቅጦ ለዘመናት ሲጠጣ የኖረው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ሆድ በቆረጠ ቁጥር ትል መፈለግ የሞኝ ልማድ አይደለም። ችግሩ ፍለጋው እዚያው ላይ ሲቆም ነው።

የሰገራ ምርመራ የራሱ ገደብ አለው። በሽታ የሚያመጣው አሜባና ምንም የማይጎዳው ዘመዱ በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ጃርዲያም ሳያሳምም በሰው አንጀት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ወረቀቱ ላይ «አሜባ» ተጽፎ ሲመጣ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ይታዘዛል፤ ለጥቂት ቀናት ቀለል ይልና ቁርጠቱ ይመለሳል፤ ምርመራው ይደገማል፤ መድኃኒቱም ይደገማል። አዲስ መያዝ መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የአሜባ መድኃኒት ውጦ ያልዳነ ሰው፣ ቀጣዩን ወረቀት ከመቀበሉ በፊት የሕመሙ ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ሊጠየቅለት ይገባል።

ደግሞ አንዱ በሽታ ሌላውን ሊወልድ ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ የበርገን ከተማ የመጠጥ ውሃ በጃርዲያ ተበክሎ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ፣ በወቅቱ ጃርዲያ ከያዛቸው ሰዎች 46 በመቶው የአይቢኤስ ምልክት ነበራቸው፤ ካልያዛቸው መካከል ግን 14 በመቶው ብቻ። ተውሳኩ ሄዷል፣ አንጀቱ ግን የቀድሞ ልቡ አልተመለሰለትም። ንጹሕ ውሃ እንደ ልብ በማይገኝበት አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ያልተመለሰው ምንድን ነው? የአንጀት ግድግዳ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ከአንጎል ጋር ያለማቋረጥ ይነጋገራል። በአይቢኤስ ይህ መስመር ስሜቱን ያጎላል። ጤነኛ ሰው የማይሰማው ጥቂት ጋዝ ለታማሚው ቁርጠት ይሆናል። በኤምአርአይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ጋዝ የሚያበዛ ምግብ በሁለቱም አንጀት ውስጥ ተቀራራቢ ጋዝ ይፈጥራል፤ የሚለያዩት በሕመሙ ነው። ጭንቀት ደግሞ መስመሩን ያባብሰዋል። ሰው ሲፈራ «ሆዴ ባር ባር አለኝ» የሚለው በአካሉ የሚሰማውን ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ከባድ ድንጋጤ ያለፈባቸው ሰዎች ላይ አይቢኤስ በብዛት እንደሚታይ በሌሎች አገሮች ተረጋግጧል። ይህ ማለት ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ቁርጠቱ እውነተኛ ቁርጠት ነው።

ታማሚውን መጀመሪያ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ነው። ባለሙያው አይቢኤስን ለመጠርጠር ውድ መሣሪያ አያሻውም፤ በደንብ መጠየቅ፣ ሆድን መዳሰስ፣ የሰገራና የደም ምርመራ ይበቃዋል። ግን ችላ የማይባሉ ምልክቶች አሉ። ሳይፈልጉ መክሳት፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ የደም ማነስ፣ ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ ለውጥ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር መኖር ሌላ በሽታ ሊኖር እንደሚችል ያመለክታሉ። ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለ የሆድ ቲቢ መታሰብ አለበት። እንዲህ ያለ ሰው እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወዳለ ከፍተኛ ሕክምና ይላካል እንጂ የቁርጠት ክኒን ይዞ አይመለስም።

ከአይቢኤስ ጎረቤት ሕመሞች ሁሉ የሚቀርበው በተለምዶ «ጨጓራ» የሚባለው ነው። ከእምብርት በላይ ማቃጠል፣ ትንሽ በልቶ መጥገብ፣ ማግሳት የዚህ ምልክቶች ናቸው። ከፊሉ የሄሊኮባክተር ባክቴሪያ ሥራ ስለሆነ ተመርምሮ ይታከማል፤ ባክቴሪያው ከኢትዮጵያውያን ግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል። ከፊሉ ግን እንደ አይቢኤስ የአሠራር መታወክ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲደራረቡም ይታያል።

ሕክምናው ከማዕድ ይጀምራል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር የሰው አንጀት ሊፈጨው የማይችል ስኳር አላቸው፤ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይወጣል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን በሽሮ ሲያልፍ፣ ወይም በጥቅምት የባቄላ እሸት ሲበላ ሆድ የሚነፋው በዚህ ነው። ጾሙን መፍታት ግን አያስፈልግም። የደጋው ድንች፣ የፎገራ ሩዝ፣ ካሮትና ቆስጣ የጾም ምግቦች ናቸው፤ እንጀራውም ከገብስና ከስንዴ ይልቅ የጤፍ ቢሆን ይመረጣል። ሽምብራ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ውሃው ተደፍቶ ሲቀቀል ይቀላል። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ይህ አይሆንለትም፤ መጠኑን መቀነስ ነው።

የወጥ መሠረት የሆነው ሽንኩርት ሌላው ቀስቃሽ ነው። በእሱም በነጭ ሽንኩርትም ውስጥ ያለው፣ ፍሩክታን የተባለው ጋዝ አምጪ ስኳር በውሃ ይሟሟል፣ በዘይት ግን አይሟሟም። ስለዚህ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ ሳይከተፍ በዘይት ብቻ ተጠብሶ ከወጣ፣ ጣዕሙ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ጋዝ የሚያመጣው ከፍሬው ጋር ይወጣል። ቁሌቱ ውሃ ከነካው በኋላ ይህ ዘዴ አይሠራም። ወተት የሚያስቀምጠው ሰው እርጎና አይብ ሊስማማው ይችላል። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት፣ እነዚህን ቀስቃሾች ሁሉ ለ4 እስከ 6 ሳምንት አስወግዶ አንድ በአንድ የሚመልስ አመጋገብም አለ። ለከሳ ሰው ግን አይመከርም።

ለድርቀት ከፋርማሲ በፊት ተልባ አለ። በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡ ከመቅረቡ በፊት ተልባ የሚጠጣው ሆድ እንዲያለሰልስ ነው፤ ዝልግልጉ ውሃ የሚይዝ አሰር ነው። በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከበቂ ውሃ ጋር፣ ለብዙዎች ይበቃል። የስንዴ ፉርሽካ ግን መነፋቱን ያባብሳል።

ቁርጠቱን እንደ ሃዮሲን ያሉ ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች ያስታግሳሉ፤ ተቅማጡን ሎፐራሚድ ይይዛል። በዚህ ያልተሻለው ሰው አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ሊታዘዝለት ይችላል። ይህ የድብርት መድኃኒት ነው፤ ታማሚው አስቀድሞ ካልተነገረው «አብዷል ብለውኛል» ብሎ ይጥለዋል። የሚታዘዘው ግን ለነርቮቹ ነው፣ መጠኑም ለድብርት ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በታተመ የእንግሊዝ ጥናት 463 ታማሚዎች ተሳትፈው፣ መድኃኒቱን ለ6 ወር የወሰዱት መድኃኒት የሌለበት መሰል ክኒን ከወሰዱት ይልቅ ተሽሏቸዋል። ማታ ከመኝታ በፊት በ10 ሚሊ ግራም ይጀመራል። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ ድርቀትንም ስለሚያባብስ የሚስማማው ይበልጥ ተቅማጥ ለሚያስቸግረው ነው።